ስለ ካንጋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ቃል የታተመበት የስዋሂሊ ሴቶች ጨርቅ

ሞምባሳ፣ ዛንዚባር ወይም ዳሬሰላም የሄደ ሰው ካንጋን ሳያይ አይመለስም። ገበያ ላይ፣ ጀልባ ላይ፣ ሆስፒታል በር ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሁሉ አለ። ብዙ ሰው ግን በቀለሙ ተማርኮ ይገዛዋል እንጂ የተጻፈበትን አያነብም። እኔም መጀመሪያ ሳየው ጽሑፉ የፋብሪካ ስም መስሎኝ ነበር። አንዲት የሞምባሳ ጓደኛዬ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ስትተረጉምልኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ሰዎች ደጋግመው የጠየቁኝን እዚህ ሰብስቤ እመልሳለሁ።

ካንጋ ምንድን ነው?

ስስ የጥጥ ጨርቅ ነው። ርዝመቱ 150 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 110 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የሚሸጠው በጥንድ ነው፤ ጥንዱ "ዶቲ" ይባላል። ሁለቱ ቁራጮች አንድ ዓይነት ናቸው። አንዱ ወገብ ላይ ወይም ደረት ላይ ይታሰራል፣ ሌላው ራስና ትከሻ ላይ ይጣላል።

ካንጋን ካንጋ የሚያሰኙት ሦስት ነገሮች ናቸው። በአራቱም ጎን የሚዞረው ሰፊ ጠርዝ "ፒንዶ" ይባላል። መሐል ያለው ሥዕል "ምጂ" ነው፤ ቃሉ በስዋሂሊ ከተማ ማለት ነው። ከመሐሉ ሥዕል በታች ደግሞ ሳጥን በመሰለ ጠባብ ክፈፍ ውስጥ በትልልቅ ፊደል የታተመ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። እሱ "ጂና" ይባላል፤ ስም ማለት ነው። ይህ አጠራር በጣም ደስ ይለኛል። ሁለት ካንጋ በቀለምና በአበባ ቢመሳሰሉም ጽሑፋቸው ከተለያየ ስማቸውም ተለያየ ማለት ነው።

ስሙ ከየት መጣ? ለምንስ አንዳንዱ "ሌሶ" ይለዋል?

ካንጋ በስዋሂሊ ጅግራ ማለት ነው። የድሮዎቹ ካንጋዎች በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ነበረባቸው። የጅግራ ላባ አይቶ የሚያውቅ ሰው ስሙ ለምን እንደወጣለት ወዲያው ይገባዋል።

ሌሶ ግን ከፖርቱጋልኛ የመጣ ቃል ነው፤ መሐረብ ማለት ነው። ኬንያ ውስጥ፣ በተለይ ሞምባሳ፣ እስከ ዛሬ ሌሶ የሚለው ይበዛል። ታንዛኒያና ዛንዚባር ካንጋ ይላሉ።

መሐረብ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

የካንጋ ታሪክ የጀመረው ከመሐረብ ስለሆነ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ የምሥራቅ አፍሪካ ባሕር ዳርቻ ላይ ነጋዴዎች የታተሙ መሐረቦች በጣቃ ያመጡ ነበር። መሐረቦቹ ተያይዘው ስለሚመጡ ነጋዴው አንድ በአንድ እየቆረጠ ይሸጥ ነበር። ሴቶቹ ግን አዲስ ዘዴ አመጡ። ስድስቱን ይገዙና ሦስቱን ከላይ፣ ሦስቱን ከታች አድርገው ይሰፏቸዋል። እንግዲህ አንድ ትልቅ የሚጠመጠም ልብስ ሆነ ማለት ነው። ነጋዴዎቹ ይህን አይተው በዚያው መጠን አንድ ወጥ ጨርቅ ማሳተም ጀመሩ። ፋሽኑን የፈጠሩት ሴቶቹ ናቸው፤ ፋብሪካው የመጣው ከኋላ ነው። ይህን ማንም እንዲረሳው አልፈልግም።

ካንጋ ከባርነት ጋር ይያያዛል የሚባለውስ?

እውነት ነው። ከካንጋ በፊት በባሕር ዳርቻው የድሃ ልብስ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው "ሜሪካኒ" ነው፤ ከአሜሪካ ማሳቹሴትስ በመርከብ የሚመጣ ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ። ስሙም ከዚያው አገር የመጣ ነው። እኛ አገር አቡጀዲ ስንለው የኖርነው ጨርቅ ማለት ነው፤ ያው ሸቀጥ በቀይ ባሕር በኩል ወደ እኛም ይገባ ነበር። ሁለተኛው "ካኒኪ" ይባላል፤ በኒል የተነከረ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ጨርቅ ነው። በባርነት የተያዙ ሴቶች የሚለብሱት እነዚህን ነበር። እንደ ጌቶቻቸው ሚስቶች ራሳቸውን መሸፈንም አይፈቀድላቸውም ነበር።

ዛንዚባር ላይ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1897 ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማለቴ ነው። ነፃ የወጡት ሴቶች ካኒኪውን አወለቁና ካንጋ ለበሱ። ዶቲ ሁለት ቁራጭ መሆኑን አስታውሱ። አንዱ ገላን ይሸፍናል፣ ሁለተኛው ራስን። ትናንት ራሷን እንድትሸፍን ያልተፈቀደላት ሴት ዛሬ በገዛ ገንዘቧ ገዝታ፣ ቀለሙን መርጣ፣ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ገበያ ትወጣለች። "ያው ጨርቅ ነው" ለሚል ሰው ሁልጊዜ የምነግረው ይህን ታሪክ ነው።

ጽሑፉ መቼ ተጨመረ?

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ነው። ሐሳቡን አመጣ እየተባለ የሚነገርለት ቃደርዲና ሐጂ ኢሳቅ የሚባል የሞምባሳ ነጋዴ ነው። በ1887 ሥራ የጀመረው ይህ ሰው በቅጽል ስሙ አብዱላ ይባል ነበር። ካንጋዎቹ ላይ "ማሊ ያ አብዱላ" የሚል ምልክት ያስቀምጥ ነበር፤ የአብዱላ ንብረት ማለት ነው። መጀመሪያ አካባቢ ስዋሂሊው የሚጻፈው በዓረብኛ ፊደል ነበር። በኋላ በላቲን ፊደል ተተካ።

ምን ምን ይጻፍበታል?

ምርቃት፣ ምክር፣ ፍቅር፣ ጸሎት፣ ቅሬታ፣ ዛቻ። ብዙው ተረትና ምሳሌ ነው። ተረትና ምሳሌን ስዋሂሊዎች የሚጠሩበት ቃል ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ "ምሳሌ" ከሚለው የእኛ ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። ምናልባት ለዚህም ይሆናል ሲተረጎም አማርኛ ላይ ቶሎ ቤቱን የሚያገኘው።

ለምሳሌ "ዋዛዚ ኒ ዛሃቡ፣ ኩዋቱንዛ ኒ ሳዋቡ" የሚል አለ። ወላጅ ወርቅ ነው፣ እሱን መጦር ጽድቅ ነው ማለት ነው። በስዋሂሊው ቤት ይመታል፣ በአማርኛውም ይመታል። "ማማ ኒፔ ራዚ፣ ኩዊሺ ና ዋቱ ካዚ" የሚለው ደግሞ እማዬ መርቂኝ፣ ከሰው ጋር መኖር ከባድ ነው ይላል። ልጅ ከቤት ስትወጣ የምትለው ነው የሚመስለው።

"ማፔንዚ ኒ ኪኮሆዚ" የሚለውን ወጣቶች ይወዱታል፤ ፍቅር ሳል ነው፣ አይደበቅም ለማለት ነው። "ዌማ ሃኡኦዚ" መልካም ሥራ አይበሰብስም ነው። "ሲሲ ሶቴ አቢሪያ፣ ዴሬቫ ኒ ሙንጉ" የሚለውን ስሰማ የአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ፦ ሁላችንም ተሳፋሪ ነን፣ ሹፌሩ አምላክ ነው። የእኛ ታክሲ ጥቅስ ሚኒባሱ ላይ ተለጥፎ እንደሚዞረው፣ ይሄኛው ሴት ለብሳው ይዞራል።

እኔ ከሁሉም የምወደው ግን "ጃፖ ሲፓቲ፣ ታማ ሲካቲ" የሚለውን ነው። ባላገኝም ተስፋ አልቆርጥም። የሚገርመው ስዋሂሊም ተስፋን "ይቆርጣል" ነው የሚለው። "ካታ" ቆረጠ ነው፣ "ታማ" ምኞት፣ ተስፋ። ሁለት ሩቅ ቋንቋዎች አንዱን ሐዘን በአንድ ዓይነት መቀስ ቆረጡት።

በካንጋ መሰዳደብ አለ የሚባለው እውነት ነው?

ስድብ ከማለት አሽሙር ማለቱ ይሻላል። ስዋሂሊዎች "ኪጄምቤ" ይሉታል፤ ቃሉ ትንሽ ምላጭ ማለት ነው። ሳይጮህ የሚቆርጥ ነገር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስዋሂሊ ሰፈር ውስጥ ጨዋ ሴት አፏን ከፍታ አትጣላም። ጎረቤቷ ቢያማት፣ ባሏ ሌላ ቢያይ፣ የባሏ እህት ቤቷ ገብታ ብታዛት፣ ፊት ለፊት መናገር ነውር ነው። ታዲያ ምን ታደርጋለች? ሱቅ ትሄዳለች። ለነገሯ የሚስማማውን ካንጋ ፈልጋ ትገዛለች። ለብሳው በጎረቤቷ ደጅ ታልፋለች። ጽሑፉ ያለው ከኋላ ነው፤ መልእክቱ የሚነበበው ካለፈች በኋላ ነው።

ለሐሜተኛ የሚሆነው "ናኦጎፓ ሲምባ ና ሜኖ ያኬ፣ ሲኦጎፒ ምቱ ክዋ ማኔኖ ያኬ" የሚለው ነው። አንበሳን ለጥርሱ እፈራዋለሁ፣ ሰውን ግን ለቃሉ አልፈራውም። "ሜኖ" ጥርስ ነው፣ "ማኔኖ" ቃል ነው፤ ጨዋታው እዚያ ላይ ነው። ለቀናተኛ ወይም ለቀማኛ ደግሞ "ኡሲሳፊሪዬ ኞታ ያ ምዌንዚዮ" አለ፤ በሌላ ሰው ኮከብ አትጓዥ። ይህ የመርከበኛ አነጋገር ነው። ሌሊት ባሕር ላይ ሁሉም የየራሱን ኮከብ አይቶ ነው የሚቀዝፈው።

ውበቱ ማንም ሊከሳት አለመቻሉ ነው። "ምን ማለትሽ ነው?" ብትባል መልሷ ዝግጁ ነው፦ "እኔ ምን አልኩ? ቀለሙ አምሮኝ ነው የገዛሁት።" ቅኔ የሚያውቅ አማርኛ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ሰሙ አበባው ነው፤ ወርቁ የታተመው ቃል፣ ከዚያም በላይ በማን ደጅ እንደተለበሰ ነው። ተቀባይዋም ብትሆን ዝም አትልም። በሳምንቱ መልስ የሚሆን ካንጋ ገዝታ ትወጣለች።

ጽሑፉን ሳላውቅ ገዝቼ ስጦታ ብሰጥስ?

እባካችሁ አታድርጉት። እኔ አንድ ጊዜ ልሳሳት ነበር። ሞምባሳ ውስጥ ቢያሻራ ስትሪት የሚባል የጨርቅ ነጋዴዎች መንገድ አለ፤ ግራና ቀኝ ሌሶ ተሰቅሎበታል። ዶቲ ሲገዛ ሁለቱ ቁራጮች ገና አልተለያዩም፤ መሐሉ ተቆርጦ ጠርዙ መዘምዘም አለበት። ለዚህ ሱቆቹ ደጃፍ ላይ የስፌት መኪና ዘርግተው የሚቀመጡ ሰፊዎች አሉ። እኔም ቢጫና ጥቁር የሆነ አንድ የሚያምር ይዤ አንዱ ጋ ሄድኩ።

ሽማግሌው ጨርቁን ተቀበሉኝና ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። መቀሱን አነሡ። ከዚያ ቆም አሉና ጽሑፉን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። "ለማን ነው?" አሉኝ። "ለአማቴ" አልኩ። መቀሱን አስቀመጡት። ያ የአንበሳው ጽሑፍ ነበር። ጨርቁን በጥንቃቄ በነበረበት አጥፈው መለሱልኝና ሱቁ ሄጄ እንድለውጠው ነገሩኝ። ባለሱቁ ምንም አልከፋውም፤ "ለእናት የሚሆን" ብሎ ሌላ አወጣልኝ። እኚያ ሰው ቢቆርጡት ኖሮ ገንዘባቸውን ያገኙ ነበር። ስለ አንዲት ፈጽሞ ስለማያውቋት አማት ክብር ብለው ነው የተዉት።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት "ኢናሴማ ኒኒ?" በሉ፤ ምን ይላል ማለት ነው። ባለሱቅ ሁሉ ያነብላችኋል፤ ለማን እንደሆነ ከነገራችሁት መርጦም ይሰጣችኋል።

ሠርግ ላይ ምን ቦታ አለው?

ትልቅ ቦታ አለው። ለሙሽራ የሚሆነው የታወቀው ካንጋ "ኪሱቱ" ይባላል። ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ዲዛይኑ ከድሮ ጀምሮ ብዙ አልተለወጠም። ብዙ ጊዜ ጽሑፍ የለበትም። እኔ እንደሚመስለኝ አያስፈልገውም፤ ያየው ሰው ሁሉ ሙሽራ እንዳለች ያውቃል። ከሙሽራዋ ሌላ ዘመዶችና ጓደኞች አንድ ዓይነት ካንጋ ገዝተው ይለብሳሉ፤ ይህን "ሳሬ" ይሉታል። እኛ ሠርግ ላይ ሚዜዎችና ቤተ ዘመድ ተመሳሳይ እንደሚያሰፉት ነው። ባልም ለሚስቱ ካንጋ መግዛት የተለመደ ነው። የሚመርጠው ጽሑፍ ደብዳቤ ነው ማለት ይቻላል።

ወሊድና ለቅሶ ላይስ?

ልትወልድ የደረሰች ሴት ሆስፒታል ስትሄድ ካንጋ ይዛ ነው የምትሄደው። ሕፃኑ ከማሕፀን ወጥቶ መጀመሪያ የሚጠቀለልበት እሱ ነው። ከዚያ በእሱ ይታዘላል። እኛ አንቀልባ የምንለውን ሥራ ይሠራል፤ በስዋሂሊ ለማዘያ ሲሆን "ምቤሌኮ" ይባላል። አዲስ ካንጋ በስታርች ደረቅ ስለሚል ለሕፃን የሚመረጠው ብዙ የታጠበው፣ የለሰለሰው ነው። አያቱ የለበሰችው ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ለቅሶ ቤት ሴቶች ከቀሚሳቸው በላይ ካንጋ ወገባቸው ላይ ይታጠቃሉ፣ ራሳቸውንም ይሸፍናሉ። እኛ ነጠላ አዘቅዝቀን ለብሰን ሐዘናችንን እንደምንናገር ያለ ነገር ነው። መንገድ ላይ እንዲያ ሆነው አብረው ሲሄዱ ያየ ሰው ወዴት እንደሚሄዱ አይጠይቅም።

የእስልምና ልብስ ነው?

አይደለም። የተወለደው ሙስሊም በሚበዛበት ባሕር ዳርቻ ነው፤ ብዙ ሴቶችም ይሰግዱበታል። ግን ታንዛኒያና ኬንያ ውስጥ ክርስቲያኖችም እኩል ይለብሱታል፣ ቤተ ክርስቲያንም ይሄዱበታል።

ከኪቴንጌ፣ ከኪኮይና ከማሳይ ጨርቅ በምን ይለያል?

ኪቴንጌ ወፈር ይላል፣ ጽሑፍም ዙሪያ ጠርዝም የለውም፤ በሜትር ተገዝቶ ቀሚስና ሸሚዝ ይሰፋበታል። ኪኮይ የተሸመነ ነው፣ አልታተመም፤ ጫፉ ዘርፍ አለው፣ ድሮ የወንዶች ሽርጥ ነበር። ማሳዮች የሚለብሱት ቀይ ቼክ ደግሞ "ሹካ" ነው፤ ከካንጋ ጋር አይገናኝም።

ወንድ ይለብሰዋል?

ቤት ውስጥ፣ ለመኝታ፣ አዎ። ውጭ ለብሶ አይወጣም።

የት ነው የሚሠራው?

ይህ ብዙ ሰው ያስገርማል። ካንጋ አብዛኛውን ዘመኑን የታተመው ባሕር ማዶ ነው። ሕንድ፣ እንግሊዝ፣ ሆላንድ፣ በኋላም ጃፓን ለምሥራቅ አፍሪካ ገበያ ያትሙ ነበር። ከነፃነት በኋላ ታንዛኒያና ኬንያ የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ። ዳሬሰላም ያለው ኡራፊኪ የሚባለው ፋብሪካ በቻይና እርዳታ በ1960ዎቹ የተሠራ ነው፤ ስሙ ወዳጅነት ማለት ነው። ዛሬ ገበያው ላይ ያለው ብዙው ከሕንድ የሚመጣ ነው።

እና የውጭ ዕቃ ነው ማለት ነው? እኔ አልልም። ማተሚያው ሌላ ቦታ ቢሆንም ቃሉ፣ ቀለሙና ልኩ የሚወሰነው እዚያው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ሴቶቹ ያልወደዱት ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ፖለቲካም ይገባበታል?

ይገባል። በምርጫ ሰሞን ታንዛኒያ ውስጥ ፓርቲዎች በቀለማቸው ካንጋ አሳትመው ያድላሉ። ስለ ኤችአይቪና ስለ ወባ የሚያስተምሩ ካንጋዎችም ታትመዋል። የታወቀው ደግሞ በ2008 ባራክ ኦባማ ሲመረጥ የወጣው ነው። ፎቶው መሐል ላይ ሆኖ "ሆንጌራ ባራክ ኦባማ" ይላል፤ እንኳን ደስ አለህ ማለት ነው። ከታች ያለው ጽሑፍ ፍቅርንና ሰላምን አምላክ ሰጠን ይላል።

ከኬንያና ከታንዛኒያ ውጭ ይገኛል?

ማዳጋስካር ላይ "ላምባዋኒ" የሚባል የቅርብ ዘመዱ አለ፤ እሱም በማላጋሲ ቋንቋ ምሳሌ ይታተምበታል። ኮሞሮስም ይለበሳል። ኦማን የምትኖሩ ደግሞ ዙሪያችሁን ብታዩ ታገኙታላችሁ። የኦማን ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ በ1840 መቀመጫውን ወደ ዛንዚባር አዛውሮ ነበር፤ ከዛንዚባር የተመለሱ ቤተሰቦች ዛሬም ስዋሂሊ ይናገራሉ። በእነዚህ ቤቶች እናቶች ቤት ውስጥ የሚለብሱት ካንጋ ነው። ስዋሂሊ በሚነገርበት ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ አንድ ቀን እማማን ጽሑፉ ምን እንደሚል ጠይቋቸው።

እኔ ኢትዮጵያዊት ነኝ፤ ብለብሰው ነውር ነው?

በፍጹም። ደስ ነው የሚላቸው። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። ጽሑፉን አስነብቢ፤ ስትታጠቂው ደግሞ ፊደሉ ቀና ብሎ ከኋላ ይዋል። ተገልብጦ ከሆነ መንገድ ላይ የማታውቂያት ሴት መጥታ ታስተካክልልሻለች፤ አትደንግጪ።

እንዴት ይታጠባል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ጥቂት ጨው ጨምሮ። ቀዩና ጥቁሩ ቀለም ይለቃል። ከነጭ ልብስ ጋር እንዳይቀላቀል።

ሲያረጅስ?

አይጣልም። ብዙ እናቶች ያልተነካ ዶቲ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ሲሞቱ ሴት ልጆቻቸው ይከፋፈሉታል። ጓደኛዬ የእናቷን ሣጥን ስትከፍት የአብዛኞቹን ጽሑፍ ታውቀው ነበር፤ እያንዳንዱ የተለበሰበትን ቀንና ያስለበሰውን ጠብ ታስታውሳለች። አንዱን ግን አይታው አታውቅም። ታጥፎ ሣጥኑ ሥር ነበር፣ ገና መሐሉ አልተቆረጠም። "ምዛኒያዬ ንዲዬ፣ ኩምቤ ሲዬ" ይላል፤ እሱ ነው ያልሽው፣ ለካ እሱ አይደለም። ማን እንደሰጣት ወይም ለማን ገዝታው እንደነበር ማንም የሚያውቅ የለም። እስካሁን አልቆረጠችውም።